ሪከርዴን ካስጠፋሁ በኋላ ለሲቲዝንሺፕ «ተይዤ አላውቅም» ማለት እችላለሁ ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። «በ2012 በዲቪ ነው የገባሁት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በ2015 ሞል ውስጥ ልብስ ሳልከፍል ይዤ ስወጣ ተያዝኩ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤ ጥፋቴን አመንኩ፣ ዳኛው ፒቢጄ (ጥፋተኛ የሚል ፍርድ ሳይገባ በፕሮቤሽን መለቀቅ) ሰጠኝ፣ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽኑንም (የአመክሮ ጊዜውንም) የገንዘብ ቅጣቱንም ጨርሻለሁ። ያኔ የቆመልኝ ጠበቃ ይሄ ኮንቪክሽን (የጥፋተኝነት ፍርድ) አይደለም፣ ነጻ ነሽ ብሎኛል። አሁን የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ላይሰንስ ላወጣ ነው፣ ሲቲዝንሺፕም ማመልከት እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኤክስፐንጅ አስደርጊው (ከመዝገብ አስጠፊው)፣ ከዛ ፎርሙ ላይ ኖ በይ ይለኛል። ደግሞ ለእናቴ ተዝካር አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። የኔ ሥራ እዚሁ ሜሪላንድ የወንጀል ኬዝና ኢሚግሬሽን የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሳልደባብቅ ልንገርሽ። ኬዙን ማስጠፋት ትችያለሽ፣ ማስጠፋቱም ለሥራና ለቤት ኪራይ በጣም ይጠቅምሻል። ኢሚግሬሽን ፊት ግን አይጠፋልሽም። ፎርሙ ላይ «ኖ» ካልሽ ደግሞ አስር ዓመት ያለፈው የልብስ ኬዝ ሊያመጣብሽ ከሚችለው የባሰ አዲስ ችግር በገዛ እጅሽ ትፈጥሪያለሽ። ስለዚህ ሰው የነገረሽ ነገር ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን አደገኛ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ ከወረቀቶችሽ ጋር እንድታስተያዪው።)

ከቀላሉ ልጀምር። ፒቢጄ ማለት ያው እንደምታውቂው ዳኛው ጥፋተኛ ናት የሚለውን ፍርድ ሳያስገባ በፕሮቤሽን የሚለቅበት መንገድ ነው። በሜሪላንድ ሕግ ፕሮቤሽንሽን በሰላም ከጨረስሽ ኮንቪክሽን የለብሽም፣ በዚህ ጠበቃሽ አልዋሸሽም። ለማስጠፋት ፒቢጄ ከተሰጠሽ ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት፣ ወይም ፕሮቤሽኑ ከዛ በላይ ከቆየ እሱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፣ አንቺ ሁለቱንም ካለፍሽ ቆይቷል። በነዛ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሌላ ወንጀል ካልተፈረደብሽ (ቀላል የትራፊክ ቅጣት አይቆጠርም) እና አሁን በሂደት ላይ ያለ የወንጀል ክስ ከሌለብሽ መብትሽ ነው። ማመልከቻው ኬዙ ላለቀበት ፍርድ ቤት ነው የሚገባው፣ ለፒቢጄ ክፍያ የለውም። ክፍያ ያለው ጥፋተኛ ተብሎ ለተፈረደበት ሰው ነው፣ እሱም 30 ዶላር ነው። አቃቤ ሕጉ ለመቃወም 30 ቀን ይሰጠዋል፣ ካልተቃወመ ዳኛው ትዕዛዝ ይጽፋል፣ ከዛ ፖሊስም ፍርድ ቤቱም ማዕከላዊ መዝገቡም ማንሳታቸውን በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። ጠበቃ እንኳን ላያስፈልግሽ ይችላል፣ የሜሪላንድ ሊጋል ኤይድና ሌሎችም በየጊዜው ነጻ የኤክስፐንጅመንት ክሊኒክ ያዘጋጃሉ፣ ሰው ሞልቶ ይሰለፋል፣ ያልፍለታልም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በዛው ቀን በዛው ድርጊት ከአንድ በላይ ክስ ቀርቦብሽ ከነበረ (ለምሳሌ ስርቆትና ሌላ ነገር) ሜሪላንድ እንደ አንድ ጥቅል ነው የሚያያቸው። አንዱ ለማስጠፋት የማይበቃ ከሆነ ሌሎቹም አብረውት ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ክስ ተጥሎልኛል ብሎ እሱን ብቻ ለብቻው ለማስጠፋት የሚሄድ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ሌሎቻችሁም ስለምታነቡት፣ ፒቢጄ ሳይሆን ጥፋተኛ የተባላችሁ ካላችሁ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የመጠበቂያው ጊዜ አጥሯል። ለአብዛኛው ሊጠፋ ለሚችል ሚስድሚነር (ቀላል ወንጀል) አስር ዓመት የነበረው አምስት ሆኗል፣ ሰከንድ ዲግሪ አሶልት ደግሞ ሰባት ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ፕሮቤሽኑን ጨምሮ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀበት ቀን ነው። ክሱ ሙሉ በሙሉ የተጣለላችሁ ወይም ነጻ የተባላችሁ ሰዎች፣ ያ የሆነው ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማመልከቻ ሳታስገቡ ራሱ እንዲጠፋ ነው ሕጉ የሚያዘው፣ ከዛ በፊት የሆነው ግን ካላመለከታችሁ አይነሳም። ይሄ ሁሉ የሜሪላንድ ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ ውስጥ ኬዝ ያለው ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይነሳ፣ ቨርጂኒያ በተለይ ለረጅም ዘመን ጥፋተኛ የተባለን ሰው መዝገብ ጭራሽ የማታነሳ ስቴት ነበረች፣ ሕጓም አሁን ድረስ ሌላ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ኢሚግሬሽን።

የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ኮንቪክሽን ምን እንደሆነ የራሱ መለኪያ አለው፣ ሜሪላንድ ምን ብላ እንደጠራችው ግድ የለውም። ሁለት ነገር ነው የሚያየው። አንደኛ፣ ሰውየው ጥፋቱን አምኗል ወይ፣ ወይም ዳኛ አጥፍቷል ብሏል ወይ? ሁለተኛ፣ ዳኛው የሆነ ቅጣት ወይም ነጻነቱን የሚገድብ ነገር አዟል ወይ? አንቺ «ጥፋቴን አመንኩ» ብለሻል፣ ዳኛውም ፕሮቤሽንና ገንዘብ ጥሎብሻል። በቃ፣ በኢሚግሬሽን ዓይን ይሄ ኮንቪክሽን ነው፣ ፒቢጄ መሆኑ አያድነውም። በኋላ በስቴት ሕግ ማስጠፋቱም አይለውጠውም፣ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ በ1999 ይሄንኑ ወስኖ እስካሁን በሱ ነው የሚሰራው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ ስቴቱ መዝገቡን የሚያነሳው ታርመሻል ብሎ እንጂ መጀመሪያውኑ ፍርዱ ስህተት ነበር ብሎ አይደለም።

ለዛ ነው የሲቲዝንሺፑ ፎርም፣ ኤን-400፣ ጥያቄውን እንደዛ የሚጠይቀው። ተይዘሽ፣ ተከሰሽ፣ ታስረሽ «መቼም» ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚለው፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አይልም፣ ከዛም አልፎ መዝገቡ የታሸገ ወይም የጠፋ ቢሆንም፣ ዳኛም ፖሊስም ጠበቃም «ከእንግዲህ ሪከርድ የለብሽም» ቢሉሽም ተናገሪ ይላል። ማለትም ይሄ አንቺ አሁን ያለሽበት ሁኔታ በግልጽ ተጽፎ መልስ የተሰጠበት ነው። «ሪከርድ የለኝም ስለተባልኩ ነው ኖ ያልኩት» የሚለው ማስተባበያ ፎርሙ ላይ ራሱ ተዘግቷል።

አሻራሽን ደግሞ ሰጥተሻል፣ ለኤን-400ም ትሰጫለሽ፣ አሻራው ኤፍቢአይ ጋ ይሄዳል። ተይዘሽ ጣቢያ አሻራ ከሰጠሽበት ቀን ጀምሮ የፌደራል መንግሥቱ መረጃው ገብቶለት ሊሆን ይችላል፣ የሜሪላንድ ዳኛ ትዕዛዝ ኢሚግሬሽን ፋይል ውስጥ ገብቶ ያለን ነገር አያወጣም። «ግሪን ካርዴን ሳድስ አሻራ ሰጥቼ ምንም አላሉኝም እኮ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አለማለታቸው አላዩትም ማለትም አይደለም፣ አይተው ይቅር ብለውታል ማለትም አይደለም፣ ያን ቀን ጉዳዩን ያነሳው ሰው የለም ማለት ብቻ ነው። ለሲቲዝንሺፕ ስታመለክቺ ግን ያነሱታል፣ ሥራቸው ነዋ። ኦፊሰሩ መጀመሪያ ቀኝ እጅሽን አስነስቶ ያስምልሻል፣ ከዛ ጥያቄውን አንድ ባንድ በቃል ይጠይቅሻል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ስክሪን ላይ ደግሞ የ2015ቱ መያዝ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ጥቅም ለማግኘት በመሃላ መዋሸት ብቻውን መልካም ሥነ ምግባር የላትም የሚያስብል ነገር ነው፣ የዋሸሽበት ጉዳይ ትንሽ ቢሆንም። ሰዎች ይሄን ሲመክሩሽ ክፋት አስበው አይደለም፣ ሪከርድ ማስጠፋት ለሥራ ሲሰራላቸው ስላዩ ለሁሉም ነገር የሚሰራ ይመስላቸዋል።

አሁን ግን ከ«የስ» እና «ኖ» የሚበልጥ ጥያቄ አለ፣ እሱን ሳትመልሺ ፎርሙን ባትነኪው ነው የምመርጠው። ፒቢጄ ያገኘሽው በየትኛው የስርቆት ክስ ነው?

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው ያለው። በ2015 ሜሪላንድ ውስጥ የሱቅ ስርቆት ብዙ ጊዜ ከሁለት ባንዱ ነበር የሚከሰሰው። ከ100 ዶላር በታች ከሆነ የሕጉ ከፍተኛ ቅጣት 90 ቀን እስር ነበር። ከ1,000 ዶላር በታች የሚለው ከሆነ ግን ከፍተኛው 18 ወር ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሕጉ ተቀየረና ከ100 እስከ 1,500 ዶላር ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ስድስት ወር ሆነ፣ ያ አዲሱ ነው፣ አንቺ ግን በድሮው ነሽ። ዳኛው አንድ ቀን እንኳን እንዳላሰረሽ አውቃለሁ፣ ግን ኢሚግሬሽን እዚህ ጋ የሚያየው የታሰርሽውን ብቻ ሳይሆን ልትታሰሪ ትችይ የነበረውን ከፍተኛውን ጊዜ ነው።

ለምን መሰለሽ? ሕጉ እንዲህ ይላል፣ አሜሪካ በግሪን ካርድ ከገባሽ በአምስት ዓመት ውስጥ የሥነ ምግባር ጉድለት ያለበት የሚባል ወንጀል (እኛ ሲአይኤምቲ የምንለው) ከፈጸምሽና ያ ወንጀል አንድ ዓመት ወይም ከዛ በላይ ሊያሳስር የሚችል ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርሽም ከአገር ልትባረሪ ትችያለሽ። የገባሽው በ2012፣ ድርጊቱ በ2015፣ ሦስት ዓመት ነው፣ አምስቱ ውስጥ ነሽ። ክሱ ከ100 በታች ከነበረ 90 ቀን ስለሆነ ይሄ አንቀጽ አይነካሽም። ከ1,000 በታች ከነበረ 18 ወር ነው፣ ያኔ አደጋ አለ። ስርቆት ብዙ ጊዜ ሲአይኤምቲ ተብሎ ነው የሚታየው፣ የሜሪላንዱ የስርቆት አንቀጽ ግን ሰፊ ስለሆነ ፍርድ ቤት ድረስ የተሟገቱበት ነው፣ ስለዚህ አለቀልኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ጠበቃ የሚከራከርበት ቦታ አለ። ግን በኤን-400 ማመልከቻ በኩል ራስሽን ወስደሽ ጠረጴዛቸው ላይ ከማስቀመጥሽ በፊት ማወቅ አለብሽ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው ማመልከቻው ውድቅ ተደርጎ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የመጥሪያ ወረቀት ሊሰጠው ይችላል። ለሲቲዝንሺፕ ሄዶ ከዲፖርቴሽን ጋር መጋፈጥ ማለት ነው፣ ይሄን ነው ሰው ቀድሞ የማይነግርሽ፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ወረቀቱን ማውጣት ነው። ዛሬ ነገ ሳትይ ኬዙ ወዳለቀበት ፍርድ ቤት ክለርክ ቢሮ ሂጂ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆነ ዲስትሪክት ኮርቱ ሮክቪልም ሲልቨር ስፕሪንግም ስላለው የትኛው እንደሆነ ከኬዝ ቁጥርሽ ይነግሩሻል። ሙሉ ፋይሉን በማህተም የተረጋገጠ፣ ሰርቲፋይድ ኮፒ እፈልጋለሁ በያቸው። ዶኬቱን (የኬዙን ሂደት የሚዘረዝረውን መዝገብ)፣ የክሱን ወረቀት (ፖሊሱ ወይም የሱቁ ሰው የጻፈው ዝርዝር ያለበትን)፣ የፕሮቤሽን ትዕዛዙን፣ መጨረሻ ላይ ፕሮቤሽኑ መዘጋቱን የሚያሳየውን። ሁለት ሦስት ስብስብ አውጪ፣ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፣ ስልክሽ ላይም ስካን አድርጊ። የፍርዱ ቀን የድምጽ ቅጂ ካለም ጠይቂ፣ ዳኛው ምን እንደጠየቀሽና አንቺ ምን እንደመለስሽ የሚታወቀው ከሱ ነው፣ ግን ድምጽ ለዘለዓለም ስለማይቀመጥ ላያገኙት ይችላሉ።

ዶኬቱ እጅሽ ሲገባ ሦስት መስመር ፈልጊ። ቻርጅ የሚለው ጋ «ከ100 ዶላር በታች» ነው ወይስ «ከ1,000 ዶላር በታች» የሚለው? መጀመሪያ በትልቁ ከሰውሽ በድርድር ወደ ትንሹ ዝቅ ተደርጎ ሊሆንም ይችላል፣ ስለዚህ ከላይ ያለውን ክስ ሳይሆን ፒቢጄው የተጻፈበትን ክስ ነው የምታዪው። ቀጥሎ ፕሊ የሚለው ጋ ጥፋተኛ ነኝ ነው የተጻፈው ወይስ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለሽ በስምምነት በተነበበ ፍሬ ነገር ነው የሄደው? ሰው «አመንኩ» ይላል ግን ወረቀቱ ሌላ የሚልበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ ዲስፖዚሽኑ (ኬዙ ያለቀበት ውጤት) እና የተጣለው ቅጣት። ኦንላይን ያለው የሜሪላንድ ኬዝ ሰርች ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ውሳኔ እሱን አትመኚ፣ ማህተም ያለውን ነው የምንፈልገው።

ይሄን ሁሉ ሳታደርጊ መጀመሪያ ካስጠፋሽው ምን ይሆናል? ኢንተርቪው ላይ እውነቱን ትናገሪያለሽ፣ ኦፊሰሩ ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን አምጪ ብሎ ወረቀት ይሰጥሻል፣ ፍርድ ቤት ስትሄጂ «እንዲህ ያለ ኬዝ የለንም» ትባያለሽ፣ እውነታቸውንም ነው፣ አንቺው አስጠፍተሽዋል። ኦፊሰሩ ደግሞ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው ያንቺ ነው ይልሻል። ከዛ የተዘጋውን ለማስከፈት እንደገና ዳኛ ፊት ማመልከት፣ ወራት መጠበቅ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ክሱ ከ100 በታች የነበረ ሰው ሲሆን ነው፣ የሚያድነውን ወረቀት ራሱ አስጠፍቶታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወረቀቱን ከያዝሽ በኋላ ኢሚግሬሽንና ወንጀል ሁለቱንም የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ለአንድ ምክክር ብቻ ክፈዪ። ፎርም የሚሞሉ፣ የሚተረጉሙ፣ ትኬት የሚሸጡ ወንድሞችና እህቶች አሉን፣ ብዙዎቹ ቅን ናቸው፣ ነገር ግን እንደ አንቺ አይነት ኬዝ ላይ ሕጋዊ ምክር መስጠት የሚፈቀድለት ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የተሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ኬዝ የሌለበት ሰው ፎርሙን ጓደኛው ቢሞላለት ይሄድለታል፣ ያንቺ ግን የፎርም ጉዳይ አይደለም። የወንጀል ጠበቃ ብቻ የሆነም አይበቃም፣ በ2015 ያጋጠመሽ ይሄው ነው፣ ሜሪላንድን አይቶ ፌደራሉን ሳያይ «ነጻ ነሽ» አለሽ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ተስፋ አለ፣ አስምሪበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወሰነው ውሳኔ አለ፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ያልሆነ ደንበኛው ጥፋቱን ቢያምን ከአገር የመባረር አደጋ እንዳለው የመምከር ግዴታ አለበት የሚል። ያንቺ ኬዝ 2015 ስለሆነ ይሄ ውሳኔ ይሸፍንሻል። ወረቀቱ «ከ1,000 በታች» ሆኖ ከተገኘና ጠበቃሽ ስለ ኢሚግሬሽን ምንም ሳይነግርሽ ወይም ተሳስቶ ነግሮሽ ከሆነ፣ ፕሮቤሽኑ ካለቀም በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ኮራም ኖቢስ በሚባል አቤቱታ ኬዙን መልሶ ማስከፈት ይቻላል፣ ለፒቢጄም ቢሆን። ይሄ ከኤክስፐንጅመንት ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ኤክስፐንጅመንት የነበረውን ይሰውራል፣ ይሄኛው ግን መጀመሪያውኑ ሕግ ተጥሶ የተገኘ ውጤት ነው ብሎ ያፈርሰዋል፣ ኢሚግሬሽንም የሚቀበለው ይሄንን ነው፣ ቦርዱ በ2003 ለይቶ ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው፦ በሕግ ስህተት ምክንያት የፈረሰ ፍርድ ኮንቪክሽን መሆኑ ይቀራል፣ ለኢሚግሬሽን ችግር ሲባል ብቻ የፈረሰ ግን አሁንም እንደ ኮንቪክሽን ይቆጠራል። ስለዚህ የዳኛው ትዕዛዝ ላይ ምክንያቱ እንዴት እንደሚጻፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜም አቃቤ ሕጉ ለእንዲህ ያለ የቆየ ትንሽ ኬዝ አዲስ ስምምነት ለመነጋገር ፈቃደኛ ይሆናል፣ ወደ ትንሹ ክስ ዝቅ ማድረግ ወይም መተው። ነገር ግን ካወቅሽ በኋላ ዓመታት ዝም ብለሽ ከቆየሽ መዘግየትሽ ራሱ መቃወሚያ ይሆንብሻል። ይሄን ዛሬ አንብበሽ አውቀሻል፣ ስለዚህ አትቆዪ። ያ ጠበቃ የጻፈልሽ ኢሜይል፣ ደረሰኝ፣ ቴክስት ካለም አትጣዪው፣ «ነጻ ነሽ» ያለበት መልእክት ካለሽ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ወረቀቱ ከ100 በታች ከሆነ ወይም የተከፈተው ኬዝ በሰላም ካለቀ፣ ያኔ ኤን-400ን በድፍረት ታስገቢያለሽ። ሥነ ምግባር የሚመዘንበት ዋናው ጊዜ ያለፉት አምስት ዓመታት ነው (ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር ተጋብተሽ አብረሽ የምትኖሪ ከሆነ ሦስት)፣ የ2015ቱ ከዛ ውጭ ነው፣ ግን ኦፊሰሩ የድሮውንም ማየት ይችላል፣ ከ2025 ኦገስት ወዲህ ደግሞ ሰውየውን ሙሉ ሕይወቱን እንዲመዝኑ መመሪያ ወጥቷል። ስለዚህ «የስ» በይ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ክሱንና ውጤቱን ጻፊ፣ ማህተም ያለውን ወረቀት አያይዢ፣ የአንድ ገጽ መግለጫ ጨምሪ፦ ምን እንደሆነ፣ ከዛ ወዲህ እንዴት እንደኖርሽ፣ ታክስሽን እንደከፈልሽ፣ ሥራሽን፣ ልጆች ካሉሽ ልጆችሽን። ሰበብ አትደርድሪበት። እንዲህ አድርገው ቀርበው ያለፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ ኬዝ ያለበት ሁሉ ይከለከላል የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም። ክፍያው ኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው፣ ውድቅ ሲሆን ስለማይመልሱት ይሄም አንዱ የመጠንቀቂያ ምክንያት ነው።

ለሲኤንኤው ነገሩ ቀላል ነው፣ እዚህ ላይ ሰዎች የነገሩሽ ልክ ናቸው። ኮፒሽን ከያዝሽና ጠበቃው በኮራም ኖቢስ የሚነካ ነገር የለም ካለሽ በኋላ አስጠፊው። የዳኛው ትዕዛዝ ከወጣ በሜሪላንድ ሕግ ቀጣሪም ትምህርት ቤትም ላይሰንስ የሚሰጠው የስቴት መሥሪያ ቤትም ስለጠፋ ክስ እንድትናገሪ ማስገደድ አይችልም። እስከዛ ድረስ ግን ማመልከቻው ላይ የተጠየቅሽውን በደንብ አንብቢ፣ «ኮንቪክትድ» ብቻ የሚል ጥያቄና «ፒቢጄን ጨምሮ» የሚል ጥያቄ አንድ አይደሉም። ከጠፋ በኋላ የግል የባክግራውንድ ቼክ ኩባንያ አሮጌ መረጃ ይዞ ብቅ ካለ፣ የጠፋበትን ትዕዛዝ አያይዘሽ በጽሑፍ ተቃወሚ፣ በፌደራል ሕግ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት። ኤፍቢአይ ጋ ያለውን ደግሞ አሻራ ልከሽ በ18 ዶላር ራስሽ ማየት ትችያለሽ፣ ማስጠፋቱ እዛ ድረስ መድረስ አለመድረሱን ታውቂያለሽ።

በነገራችን ላይ የድሮ የማሪዋና ኬዝ ያለባችሁ፣ የሜሪላንዱ ገዥ ዌስ ሙር በጁን 17 ቀን 2024 ከ175,000 በላይ ለሚሆኑ ኮንቪክሽኖች ይቅርታ ሲያደርጉ የደወላችሁልኝ ብዙ ነበራችሁ። ለዜጋ ጥሩ ነው፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን የዕፅ ኬዝ በይቅርታ ከኢሚግሬሽን አይጸዳም። ይቅርታ ተደረገልኝ ብሎ ከአገር የሚወጣ ግሪን ካርድ ያዥ አለ፣ እባካችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ይሄው የጉዞው ነገር ነው ያንቺም የመጨረሻ ጥያቄ። ሲአይኤምቲ ያለበት ግሪን ካርድ ያዥ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ከዚህ የሚያድን ልዩ ሁኔታ አለ፣ የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ካልበለጠ፣ የተፈረደብሽ እስር ከስድስት ወር ካልበለጠና ሌላ እንዲህ ያለ ወንጀል ከሌለብሽ። ከ100 በታች ከሆነ እዚህ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ሰርቲፋይድ ኮፒውን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ (ሻንጣ ውስጥ አይደለም፣ ሻንጣው ሳይደርስሽ ነው ወደ ውስጥ ክፍል የሚጠሩሽ) መሄድ ትችያለሽ፣ ጠበቃው ወረቀቱን አይቶ እሺ ካለ። ከ1,000 በታች ከሆነ ግን 18 ወሩ ከዚህ ያስወጣሻል፣ እዚህ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ላይ ግሪን ካርድሽን ይዘው ወረቀት ሰጥተው ወደ ኢሚግሬሽን ዳኛ ሊልኩሽ ይችላሉ፣ እዛው ሊይዙሽም ይችላሉ። የእናት ተዝካር መቅረት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ወንድም እህት ካለሽ እዛ ያሉት ያውጡት፣ አንቺ እዚህ ቤተክርስቲያን አስቀድሺላቸው፣ ኬዙ ተስተካክሎ ስትሄጂ መቃብራቸው ላይ ትደርሺያለሽ። ትኬቱን ገና ካልቆረጥሽ ዶኬቱን ሳታዪ አትቁረጪ፣ ቆርጠሽ ከሆነም ቀኑ የሚቀየር መሆኑን ዛሬውኑ ጠይቂ።